አዳራሹን ትታችሁ ቤት ክፈቱ፦ የጌዴኦና የጉጂ ታዳጊዎችን በክረምት ለማገናኘት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጌዴኦና ለጉጂ ወጣቶች በተዘጋጀ የሁለት ቀን የሰላም ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። ንግግር ተደረገ፣ ትልልቅ ወረቀት በማርከር ተሞላ፣ የጋራ ፎቶ ተነሣን። የምሳውን ሰዓት ግን እስካሁን አልረሳውም። ከዚህ የመጡት ሳህናቸውን ይዘው በአንዱ ጥግ፣ ከዚያ የመጡት በሌላው ጥግ ተቀመጡ፤ መካከል ላይ ሦስት ጠረጴዛ ባዶውን ቀረ። ሠርተፍኬቱ ከታደለ በኋላ ሁሉም በመጣበት መኪና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጅ የሚታረቀው በሰው ቤት ሲያድር ነው። ይህን ጽሑፍ ዲላና አካባቢዋ ላሉ የወጣት አገልጋዮች፣ መምህራንና ወላጆች እጽፋለሁ፤ በመጪው ክረምት ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ ነው።

ዘዴው ተሞክሯል። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ በሚገዳደሉበት ዘመን፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ኬሪ ዋተርስቶን የተባሉ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ አልስተር ፕሮጀክት የሚባለውን መርሐ ግብር ጀመሩ። ከሁለቱም ወገን በእኩል ቁጥር የተመረጡ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ክረምት ላይ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ እኩያቸው የሆነ ልጅ ባለበት ቤት አንድ ወር ያህል ይቀመጡ ነበር። ከዚህ እኩል ቁጥሩን፣ ዕድሜውንና ቤቱን እንውሰድ። ጉዞውን ግን አንወስድም። የእኛ ልጆች ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ ከጌዴኦው ገደብ ወደ ጉጂው ቀርጫ መሻገር ይበቃቸዋል፤ ለብዙዎቹ ደግሞ ከባዱ መንገድ እሱ ነው።

አንደኛ፦ ቁስሉ የት እንደሆነ ለዩ

በጌዴኦ ዞን ፕሮቴስታንቱ ይበዛል። የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች በየአካባቢው አሉ፤ ካቶሊኩም በሐዋሳ ሐዋርያዊ ቪካሪየት ሥር የራሱ አጥቢያዎች፣ ዲላ ላይም የዶን ቦስኮ ማኅበር ሥራ አለው። በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት የአምልኮ ልዩነት ነው። ቤት ያቃጠለው ሌላ ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል የተነሣው ግጭት ሰኔ ላይ ብሶ፣ በሁለቱ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቀለ። ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ሆነ።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ ድልድይ ይሁኑ። በወሰኑ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት መዝሙር የሚዘምሩ ምእመናን አሉና፣ ሁለቱን ወገን የሚያውቅ ቄስ ወይም ወንጌላዊ ማግኘት አይከብድም። ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩ በአዘጋጅነት አብረው ሲቆሙ ለልጆቹም ትምህርት ይሆናል። በዚያው ግን በር አትዝጉ፤ ኦርቶዶክሱን፣ ሙስሊሙን፣ ዋቄፈታውንም ልጅ ጨምሩ። የአንድ ቀበሌ ልጆች ተጠርተው የጎረቤት ልጅ በእምነቱ ምክንያት ከቀረ፣ ሌላ ቂም ዘርታችኋል።

ዕድሜውንም አስሉት። በ2010 ዓ.ም. ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ በ2018 ዓ.ም. 15 ይሞላዋል። የእናቱን ቀሚስ ይዞ በሌሊት የሮጠው ልጅ፣ አሁን ለአቅመ ቁጣ የደረሰው ልጅ እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሽማግሌዎቹ ጀምሩ

ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሶንጎ ሂዱ። በጌዴኦ የመንደር ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያልተሰማ ነገር በመንደሩ ውስጥ እንደ ሹክሹክታ ይቆጠራል። የሁለቱንም ወገን አባ ገዳዎች አነጋግሩ። የሁለቱም ሽማግሌዎች የሚያወሩት የዘር ታሪክ አለ፦ ጉጂ፣ ቦረናና ደራሳ ወንድማማቾች ነበሩ ይላል፤ ደራሳ የጌዴኦ የቀድሞ ስም ነው። ልጆቹ ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎቹ አፍ እንዲሰሙ ከአሁኑ ቀን ያዙላቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጎንዶሮ፣ ማለትም ደም የተቃቡ ወገኖች ከብት አርደውና ምለው ጠቡን የሚዘጉበት ሥርዓት፣ የአዋቂዎችና የባለቤቶቹ ነው። ልጆቹን እንደ ቴአትር እንዳታሠሯቸው። መሐላው የሚያስር፣ አፍራሹን የሚያስረግም ከባድ ነገር ነው። ልጆቹ ስለ እሱ ይጠይቁ፣ ሽማግሌው ይመልሱላቸው፤ ከዚያ አይለፍ።

ከዚህ በኋላ ወረዳዎቹንና ፖሊስን በጽሑፍ አሳውቁ። የወላጅ ፈቃድ የሚፈረምበትን ወረቀት በጌዴኡፋ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ አዘጋጁ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ሙሉውን አንብቦ የሚያስረዳ አንድ ሰው ከየወገኑ መድቡ።

ሦስተኛ፦ ልጆቹን ምረጡ

24 በቂ ነው፤ ከየወገኑ 12፣ ግማሾቹ ሴቶች። ከዚህ በላይ ከሆነ ስማቸውን ሳታውቁ ይመለሳሉ። የሰባኪ ልጅ፣ የካቢኔ ልጅ፣ ከክፍል አንደኛ የሚወጣ ልጅ ብቻ እንዳይሞላባችሁ። ኳስ ሜዳ ላይ ሌሎቹ የሚከተሉት፣ አንዳንዴም የሚያስቸግር የተባለው ልጅ ይግባ። ሲመለስ ሰፈሩ የሚሰማው እሱን ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ አራት ያህል ልጆች ከተገኙ ሥራችሁ ቀለለ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ደግሞ ከሁለቱ ሕዝብ ከተጋቡ ቤቶች አይጠፉም።

አራተኛ፦ ቤቶቹን አዘጋጁ

ጊዜያችሁን አብዝታችሁ እዚህ አውሉት። አንድ ቤት ሁለት ልጅ ይቀበላል፤ የቤቱ የራሱ ልጅ፣ ዕድሜውም ጾታውም ከእንግዶቹ ጋር አንድ የሆነ፣ ሦስተኛ ይሆናል። ብቻውን የሚያድር እንግዳ አይኑር። አስተናጋጁን ቤት ሁለት ጊዜ ሂዱበት፤ አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትናገሩ። የሚተኙበትን፣ መጸዳጃውን፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ማታ ማን ቤት እንደሚያመሽ እዩ። አባወራው ብቻ እሺ ብሎ እናቲቱ ዝም ካለች ቤቱን ተዉት። እንግዳውን የምታበላው፣ የምታስተኛው እሷ ናት።

ስለዚህ ሐሳብ ስናወራ አንዲት እናት ያነሣችው ጥያቄ አብሮኝ ቀርቷል፦ «ማታ ቢባንንብኝ ማን ብዬ ልጥራው?» እውነት ነው። እሳት ያየ ልጅ ሌሊት ይባንናል። እንግዲያው ልጁ ከመድረሱ ሳምንት አስቀድሞ የቤት ስሙን፣ የሚበላውንና የማይበላውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚፈራውን ነገር ጽፋችሁ ለአስተናጋጇ ስጡ፤ ቁጭ ብላችሁም ንገሯት። ስልክ ካላቸው ሁለቱ እናቶች አስቀድመው ይነጋገሩ። ከስብሰባ ሁሉ ይህች የአምስት ደቂቃ ንግግር ትበልጣለች።

ስለ ወጪ እንነጋገር። ሐምሌና ነሐሴ በቡና አገር እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፣ ለቀማው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ቆጮ ቤት ውስጥ አይጠፋ ይሆናል፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ግን በገንዘብ ይገዛል። ለሁሉም አስተናጋጅ እኩል የሆነ አስቤዛ በዓይነት፣ በሰው ፊት ስጡ። የቀን አበል የሚባለውን ከመጀመሪያው አታስለምዱ። ገንዘብ የገባበት እንግድነት ቤቱን አልቤርጎ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም «ስንት ትከፍላላችሁ?» የሚል እንጂ «ያ ልጅ ደኅና ነው?» የሚል አታገኙም።

አምስተኛ፦ ቀኑን ቁረጡ

ትምህርት ከተዘጋ በኋላ፣ ሐምሌ 10 ግድም ጀምራችሁ ከነሐሴ በፊት ብትጨርሱ ይመረጣል። ነሐሴ 1 ጾመ ፍልሰታ ስለሚገባ ኦርቶዶክስ ልጅ ያለበት ቤት ሁለት ድስት መጣድ ሊኖርበት ነው። ስድስት ቀን ጌዴኦ፣ ስድስት ቀን ጉጂ ይሁን። አንደኛው ወገን ብቻ እንግዳ፣ ሌላኛው ብቻ ባለቤት ከሆነ ውለታ እንጂ ጓደኝነት አይወለድም። ዲላን መነሻ ብታደርጉ ይርጋጨፌ 35 ኪሎ ሜትር፣ ቡሌ ሆራ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱም በሞያሌው አስፋልት ላይ ናቸው። ከአስፋልቱ የሚርቀውን ቀበሌ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። ክረምት ነውና ጭቃው መኪና ከያዘ ልጆች በማያውቁት መንገድ ያመሻሉ።

ስድስተኛ፦ ሥራ አሠሯቸው

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ስለ ሰላም አንድም ቃል አትናገሩ። ጠዋት ከቤተሰቡ ጋር ሥራ፣ ከሰዓት ጨዋታ።

ጌዴኦ ቤት የገባች የጉጂ ልጅ እንሰት ስትፍቅ አስቡ። ግንዱ ተቆርጦ፣ ንጣፉ ተገላልጦ፣ ዘንበል ባለው ጣውላ ላይ ተደግፏል። የቤቷ ልጅ መሬት ተቀምጣ ንጣፉን በእግሯ ወጥራ ትይዝና የቀርከሃ መፋቂያዋን ከላይ ወደ ታች ትስባለች፤ ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። እንግዳዋ ስትሞክር መፋቂያው ይንሸራተታል፣ ጭማቂው ፊቷ ላይ ይረጫል። የቤቷ ልጅ ትስቃለች፣ ቀጥላ ግን ተነሥታ የእንግዳዋን እግር በእጇ ይዛ ወደ ትክክለኛው ቦታ ትገፋላታለች። አንዷ የሌላዋን እግር የያዘችበትን ይህን ቅጽበት ምንም ሥልጠና አይሰጣችሁም።

ሳምንቱ ሲገለበጥ ተራው የዚያኛው ነው። ጉጂ ቤት የገባው የጌዴኦ ልጅ ወተት ሲናጥ ቅሉን ይዞ ክንዱ ይዝላል። የቡና ፍሬ እየለቀመና እያጠበ ያደገ ልጅ፣ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ሲጠበስና ሲቀርብ፣ ቡና ቀላ ሲባል፣ ያንኑ የሚያውቀውን ፍሬ በሌላ ክብር ያየዋል።

ከሰዓት ኳስ ይጫወቱ፤ ቡድኑን ግን ጌዴኦ በአንድ በኩል፣ ጉጂ በሌላ በኩል አድርጋችሁ ፈጽሞ አትክፈሉ። በልደት ወር ወይም በዕጣ ቀላቅሏቸው። በሁለቱም ቋንቋ ይቁጠሩ፦ ሁለት በጌዴኡፋ ላሜ፣ በኦሮምኛ ላማ ነው። ልጆቹ የሚመሳሰለውን ቃል ራሳቸው እየፈለጉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። አንድ ቀን ደግሞ ትክል ድንጋዮቹ ወዳሉበት ወደ ቱቱ ፈላ ውሰዷቸው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ትክል ድንጋዮቹ የቅርሱ አካል ነበሩ። አስጎብኚው የጌዴኦ ልጅ ይሁን፤ አዘጋጁ ዝም ይበል።

ስለ ጸሎት፦ ማዕድ ላይ ፕሮቴስታንቱ ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ቃል ይጸልያል፣ ካቶሊኩ ያማትባል። መጀመሪያ ቀን የካቶሊኩ ልጅ እጅ ግንባሩ ጋ ደርሶ ሰው እንዳየው ሲያውቅ ይቆማል። አስተናጋጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እንግዳው እንደ ለመደው ይጸልይ፣ ማንም አይከልክለው፣ ማንም አይሳቅበት። እሑድ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ የወደደ ጓደኛውን አጅቦ ከኋላ ይቀመጥ። ቁርባንም ሆነ የጌታ እራት እንዲቀላቀሉበት አትጋብዙ። ልጅን ለመስበክ የሚጠቀምበትን አስተናጋጅ ያለማመንታት ቀይሩት፤ ወላጁ ያመነው ለዚያ አይደለም።

ሰባተኛ፦ ስለ 2010 የሚነገርበት ምሽት

ከአምስተኛው ቀን በፊት አይሁን። ምሽት ላይ በእሳት ዙሪያ ይቀመጡ፤ አነጋጋሪዎቹ ሁለት ሆነው አንዱ ከጌዴኦ አንዱ ከጉጂ ይምጡ፣ ሕፃናትን ማማከር የተማረ ሰውም ይኑር፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለሙያ ማፈላለግ ይቻላል። ሕጉ አጭር ነው፦ ማንም እንዲናገር አይገደድ፣ ማንም «እናንተ» አይበል፤ «እኔ ያየሁት» ብሎ ይጀምር። የማንም ስም በገዳይነት አይጠራ። ምስክርነት መቀበል የሕግ ሥራ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ቪዲዮም ፎቶም የለም፤ ለለጋሽም ቢሆን።

ንግግሩ ተሟሙቆ ልጅ ካለቀሰ አታባብሉት፣ ቶሎ መዝሙርም አታስነሡ። ዝም በሉ። ከሌላው ወገን የሆነ ልጅ ውኃ ይዞ ሲነሣ ታያላችሁ፤ ካልተነሣም አትገፉት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እያንዳንዱን ቤት ዞራችሁ ጠይቁ።

ስምንተኛ፦ ወሬ ሲመጣ

ይመጣል። «እዚህ ቦታ ሰው ተመታ» የሚል መልእክት በስልክ ይደርሳል። ከየወገኑ አንድ አንድ ሆነው ወሬ የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች አስቀድማችሁ ሰይሙ፤ እነሱ በየቦታው ላለ ሽማግሌና ለፖሊስ ደውለው ሳያረጋግጡ ለልጆቹ ምንም አይነገር። ወሬው እውነት ከሆነ ልጆቹን ባሉበት አቆዩ፤ መንገድ ላይ ከማውጣት ያደሩበት ቤት ይሻላል። ለዚህም ነው ቤቱን አጥብቃችሁ መምረጥ ያለባችሁ። የልጆቹን ስም፣ የቤተሰብ ስልክና ያሉበትን ቤት የያዘ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ለሾፌሩ፣ አንዱን ለአስተባባሪው ስጡ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያድነው ወረቀቱ ነው።

ዘጠነኛ፦ ከክረምቱ በኋላ

በመስከረም ዕረፍት ስጧቸው፤ ትምህርት ተከፍቷል። ኅዳር ላይ ግን፣ ቡናው ሲቀላ፣ በአንድ ቅዳሜ የጉጂ ልጆች ያደሩበት ቤት መጥተው ለቀማ ያግዙ። ቅርጫት ይያዙ እንጂ ባነር አያስፈልግም። ጥር ወይም የካቲት ላይ ተራው የዚያኛው ነው። ዳራሮ የተባለው የጌዴኦ በዓል ሲከበር አስተናጋጅ ቤተሰቦች የጉጂውን ልጅ ወላጆች ቢጠሩ መልካም፤ ግብዣው ከእናንተ ሳይሆን ከቤተሰቡ ይውጣ።

ለሁለተኛው ዓመት ከ24ቱ ስድስቱን አንሡና ለአዳዲሶቹ አጃቢ አድርጓቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ከእናንተ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ አዲሶቹን አስተናጋጅ እናቶች ማነጋገር ይሁን። አንዷ እናት «ማን ብዬ ልጥራው?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን ባለፈው ዓመት ራሱ በሰው ቤት የባነነው ልጅ ይስጣት።