ዝገትና የቆየ መኪና ሞላ

ዝገት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የተበሳሳ የጣሪያ ቆርቆሮን ነው። በቆርቆሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በዓይን ይታያል፤ የሚመጣውም ቀስ በቀስ ነው። በመኪና ሞላ ላይ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ያልቀነሰ ሞላ በድንገት ሊሰበር ይችላል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያትና መከላከያውን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የጥንት ዕቃ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ለምሳሌ የምንወስደው በየከተማው የሚታወቀውን ቮልስ ነው። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ይህ መኪና እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ የለውም። ክብደቱን የሚሸከሙት ከፊትም ከኋላም በአግድም ቱቦዎች ውስጥ የተሰወሩ፣ በመጠምዘዝ የሚሠሩ የብረት ዘንጎች ናቸው። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ መልሶም ይፈታል።

አንድ ድፍን ዘንግ ሲጠመዘዝ በመካከሉ ያለው ውጥረት ዜሮ ነው። ከመካከሉ እየራቅን በሄድን መጠን ውጥረቱ ይጨምራል፤ ከፍተኛ የሚሆነውም በውጫዊው ገጽ ላይ ነው። ዝገትም የሚጀምረው ከዚሁ ገጽ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርለስ ኢንግሊስ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳየው፣ በተወጠረ ብረት ላይ ያለ ጠባብ ጎድጓዳ ጭረት በጫፉ ላይ ውጥረቱን ያባዛል። ብዜቱን ለመገመት የጭረቱን ጥልቀት ለጫፉ ሬዲየስ አካፍለን፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት በ2 አባዝተን 1 እንጨምራለን። ጥልቀቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የጫፉ ሬዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 5 ነው። በዚያች ነጥብ ብረቱ የሚሸከመው ውጥረት አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው! ዝገት የሚቦረቡራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ቅርጻቸው የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ላይ በትክክል አይሠራም፤ አዝማሚያው ግን ያው ነው። መኪናው በተጓዘ ቁጥር ውጥረቱ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ ከጉድጓዱ ሥር ስንጥቅ ይወለዳል፤ ስንጥቁም ያድጋል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል።

ዝገት ራሱ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ባትሪ ነው። በአንዱ የብረቱ ሥፍራ አተሞች ኤሌክትሮን ትተው ወደ ውኃው ይገባሉ፤ በሌላው ሥፍራ ኦክስጅንና ውኃ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ይቀበላሉ። ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ሊያዩት ይችላሉ። በተወለወለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጨዋማ ውኃ አኑሩ። ኦክስጅን እንደ ልብ የሚደርሰው በጠርዙ ነው፤ የሚበላው ግን ኦክስጅን ያነሰው መካከሉ ነው። በሞላ ላይ የተለጠፈ ጭቃ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይቦረቦራል።

የሐይቅና የአምባሰል አካባቢ በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለሚያገኝ፣ ጭቃው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በአውሮፓ በክረምት ወራት በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚህ ባለመኖሩ ዕድለኞች ነን። ይሁን እንጂ የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው በመሆኑ፣ በትነት የተነሣ ከዝናብ ውኃ ይልቅ የሟሙ ጨዎች በርከት ብለው ይገኙበታል። በሐይቁ ውኃ መኪና የሚያጥብ ሰው ጨዉን በብረቱ ላይ ትቶት ይሄዳል። አየሩ ከ60 በመቶ በላይ አንጻራዊ እርጥበት ሲኖረው በብረት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ይፈጠራል፤ ጨውና አቧራ ባሉበት ደግሞ ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ይፈጠራል።

መከላከያው ምንድን ነው? የተለመደው የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። በውስጡ ከቃጠሎ የተረፈ አሲድ አለበት፤ ጎሚኒዎችንም ያበላሻል፤ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ መድረሻው አፈሩና ሐይቁ ነው።

መጀመሪያ ብረቱ ታጥቦ ይደርቃል፤ ዝገቱም በብረት ብሩሽና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ እንጂ በአግድም ሳይሆን፣ ይጠረጋል። በሞላ ላይ ፍሌክስ አይነካም፤ ብየዳም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማስለቀቂያ ለተራ የብረት ክንድ መልካም ነው፤ ለሞላ ግን አይሆንም። አሲዱ ከብረቱ ጋር ሲዋሐድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ጠንካራው ብረት ሰርጎ ተሰባሪ ያደርገዋል። በኤሌክትሪክ ዚንክ ማስነከርም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

ቀጥሎ ስንጥቅ ይፈለጋል። ብረቱ ላምባ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ በደንብ ይወለወላል፤ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ፣ ተደብቆ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ወጥቶ ቀጭን መስመር ያሰምራል። መስመር የታየበት፣ ወይም ከጠረጋ በኋላ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ የቀረበት ሞላ መጣል አለበት፤ በቀለም መሸፈኑ አደጋውን መደበቅ ብቻ ነው።

ጤነኛው የዚንክ ብናኝ ያለበት ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ስለሚሰጥ፣ ቀለሙ ቢጫር እንኳ በብረቱ ፈንታ እርሱ ይበላል። ቀለሙ ሲደርቅ በቱቦ ውስጥ ለሚገባው ዘንግ ግሪስ ይጨመራል። የቮልስ የኋላ ዘንጎች በፋብሪካ አስቀድመው በአንድ አቅጣጫ የተጠመዘዙ በመሆናቸው የግራውና የቀኙ አይለዋወጡም፤ ሲፈቱም በኃይል ስለሚላቀቁ ሥራው ለሠለጠነ መካኒክ ይተው። ጎማ ላይ ሆኖ የሚቻለው ምርመራ ግን የማንም ሥራ ነው፤ ጊዜውም ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ነው።