አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት፦ ከቸርኬ ላይ ዝገትንና የፍሬን ብናኝን ማስለቀቅ

ባለፈው ትምህርት አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው የሚገልጽ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ አይታችኋል። አሁን የምንመለከተው ደግሞ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳውን የድርሰት ዓይነት ነው። ይህ ድርሰት ከሌሎቹ የሚለየው፣ አንባቢው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ተነሥቶ የሚሠራበት በመሆኑ ነው። የመልክዐ ምድር ገለጻ ቢሳሳት አንባቢው የተሳሳተ ሥዕል በልቡ ይስላል፤ የአሠራር ገለጻ ቢሳሳት ግን እጅ ይቃጠላል፣ ዕቃ ይበላሻል።

የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በመምህርነት ሲያገለግል፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ኮምቦልቻ ላይ መኪና እያጠበ ራሱን የሚረዳ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረው። ልጁ ስለሚያውቀው ሥራ ድርሰት ጻፍ ሲባል ስለ ቸርኬ አስተጣጠብ ጻፈ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ ውስጡ ግን «ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ውሃ ይፈስበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ደብተሩን ተውሶ ያነበበ አንድ ታናሽ የሥራ ባልደረባው ቃሉን እንደ ተጻፈው ተቀብሎ፣ ሐረጎን ወርዶ ገና መቆሙ በነበረ መኪና ፍሬን ላይ ውሃ ደፋበት። የተነሣው እንፋሎት እጁን ለበለበው። ጸሐፊው ምን ማለቱ እንደ ነበረና አንባቢው ምን እንደ ተረዳ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ከደሴ ፒያሳ የተነሣ መኪና ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ የተጓዘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉና። መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ ከተዘረጋው አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል ነው። ፒያሳ የሚለው የሰፈር ስምም ሆነ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ የሚሉት የሙያ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብዙ ይሠራል። የፍሬን ሸራ ከሚሽከረከረው የብረት ዲስክ ወይም ታምቡር ጋር ሲፋተግ፣ ከሸራውም ከብረቱም እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል። በብናኙ ውስጥ ብዙ ብረት አለ። ብናኙ በትኩስነቱ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎም የዝናብ ውሃና አየር ሲያገኙት ይዝጋል። እንግዲህ በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጥብ የቸርኬው የራሱ ዝገት አይደለም፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግምና። የዛገው በላዩ የተለጠፈው የብረት ብናኝ ነው። የብረት ቸርኬ ግን ቀለሙ በጠጠር ከተላጠ ራሱ ይዝጋል። በባቲና በሚሌ በኩል ጅቡቲ ወደብ ደርሰው በሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ላይ ደግሞ የባሕሩ ጨዋማ አየር ዝገቱን ያፋጥነዋል።

እጥበቱ የሚጀምረው በማየት ነው። አራቱ ቸርኬዎች እኩል ካልጠቆሩና አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ከጠቆረ፣ የዚያ እግር ፍሬን ሳይለቅ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ከቡሎኖቹ ሥር ወደ ውጭ የተዘረጋ ቡናማ የዝገት መሥመር ከታየ ደግሞ ቡሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ምልክት ከመታጠቡ በፊት ለሾፌሩ ይነገራል፤ ከታጠበ በኋላ ማንም አያየውምና።

ከዚህ በኋላ ቸርኬው፣ ዲስኩና ታምቡሩ ጨርሰው እስኪቀዘቅዙ ድረስ መኪናው ይቆማል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ይህ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋበት ሊጣመም ይችላል፤ ማጽጃም በጋለ ቸርኬ ላይ ቶሎ ይደርቅና ሌላ እድፍ ይተዋል።

የቀዘቀዘው ቸርኬ በመጀመሪያ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ደረቁን ብናኝ በመጥረጊያ ማራገፍ ወይም በአየር መንፋት አይገባም። የዱሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባለውን ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ይይዙ ነበርና፤ አዲሶቹም ቢሆኑ ብናኛቸው ወደ ሳንባ ቢገባ አይበጅም። ከዚያ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል። ለቸርኬ ያገለገለው ባልዲና ስፖንጅ ለመኪናው አካል አይውልም፤ በስፖንጁ ውስጥ የቀረው የብረት ቅንጣት ቀለሙን ይቧጭራልና።

በሳሙና ያልለቀቀ እድፍ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ይታሻል። ሁለቱም ውስጥ ያለው አሲድ ዝገትን ያሟሟል። በብረት ቸርኬ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሳይደርቅ፣ በውሃ ይታጠባል። አሉሚኒየምን ግን አሲድ ያጠቃዋልና አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ላይ ተሞክሮ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት። የሽቦ ብሩሽና የባትሪ አሲድ ወደ አሉሚኒየም ቸርኬ ከቶ አይቀርቡም። ለዚሁ ሥራ ተብለው ከሚሸጡ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ የብረት ብናኙን ሲያገኙ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣሉ፤ ሽታቸው የሚከረፋ ስለ ሆነ ነፋስ ባለበት ቦታ በላስቲክ ጓንት ይሠራባቸዋል። በረኪና ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋልና።

ሥር የሰደደ ዝገት ያለበት የብረት ቸርኬ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ቡሎኑ የሚያርፍበትና ቸርኬው ከመኪናው አካል ጋር የሚገጥምበት ገጽ ግን ወፍራም ቀለም አይቀባም፤ ቀለሙ እየተጨፈለቀ ሲሄድ ቡሎኑ ይላላልና። ዝገቱ ሲፋቅ ስንጥቅ ከተገኘ ቸርኬው ይጣላል እንጂ በቀለም አይሸፈንም። በመጨረሻም ዲስኩን በናፍጣ ወይም በዘይት በተነከረ ጨርቅ መወልወል ከባድ ስሕተት ነው፤ ቅባት የነካው ፍሬን አይዝም። መኪናው ታጥቦ ሲነሣ ሾፌሩ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ እየነዳ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ረግጦ ያደርቀዋል፤ ይህን ሳያደርግ ወደ ሐረጎ ቁልቁለት አይገባም።

ማብራሪያ

ወደ ተማሪው ዐረፍተ ነገር እንመለስ። «ሲቀዘቅዝ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ይኸውም «በመቀዝቀዝ ላይ ሳለ» እና «በቀዘቀዘ ጊዜ» የሚሉት ናቸው። ጸሐፊው ሁለተኛውን አስቦ ጻፈ፤ አንባቢው የመጀመሪያውን ተረዳ። በወግ ድርሰት ላይ ይህ እምብዛም አይጎዳም። በአሠራር ድርሰት ላይ ግን «ከቀዘቀዘ በኋላ»፣ «እስኪቀዘቅዝ ድረስ»፣ «ሳይቀዘቅዝ በፊት» እያሉ ጊዜውን መለየት ግዴታ ነው። ምንባቡ «ጨርሰው እስኪቀዘቅዙ ድረስ» ያለው ለዚህ ነው። «ጨርሰው» የምትለዋ ቃል ትርፍ መስላ ብትታያችሁ፣ አውጥታችሁ ዐረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡት።

የቅደም ተከተል ዋናው መሣሪያ ቦዝ አንቀጽ ነው። «ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይቀባል» ሲባል አራቱ ድርጊቶች በተጻፉበት ተራ ይፈጸማሉ፤ «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያ» እያሉ መደርደር አላስፈለገም። ይሁን እንጂ ቦዝ አንቀጽ የራሱን ባለቤት በውስጡ እንደሚይዝ ልብ በሉ። «ዝገቱን ፍቆ ቸርኬው ይደርቃል» ብትሉ «ማን ፍቆ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ወይ ሠሪውን ጥሩት፦ «ልጁ ዝገቱን ፍቆ ቸርኬውን ያደርቃል»፤ ወይ በተገብሮ ግሥ ተናገሩ፦ «ዝገቱ ተፍቆ ቸርኬው ይደርቃል»። ሁለቱን መንገዶች በአንድ ዐረፍተ ነገር ማደባለቅ ነው ስሕተቱ።

ምንባቡ በአብዛኛው በተገብሮ ግሥ ተጽፏል፦ «ይለቀለቃል፣ ይታሻል፣ ይነገራል»። በትእዛዝ አንቀጽ «ለቅልቅ፣ እሸው፣ ንገር» ተብሎም ሊጻፍ ይቻል ነበር። ትእዛዙ አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉን አንጋፋ ሾፌርም፣ ታናሽ ወንድምም፣ እኅትም ስለሚያነቡት አንተ፣ አንቺና እርስዎ ከሚለው ምርጫ ያድነናል። ከሁሉ የሚከፋው «ቸርኬው ይለቀለቃል፤ ከዚያ እሸው» ብሎ መሐል መንገድ ላይ አነጋገርን መለወጥ ነው።

ሌላው፣ አብዛኛው ክልከላ ምክንያቱን አስከትሏል። በቃል መጨረሻ ላይ የምትጨመረው «ና» ይህን በአንዲት ፊደል ትፈጽማለች፦ «አይዝግምና»፣ «ይቧጭራልና»፣ «ይላላልና»። ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ፣ ድርሰቱ ያልጠቀሰው ነገር ቢገጥመው እንኳ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። በዚህ ዘዴ መብዛት ግን ጆሮ ይሰለቻል፤ ምንባቡም ሳያበዛው አልቀረም።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ ውስጥ በ«ና» የተገለጹትን ምክንያቶች አውጥታችሁ፣ ከእነርሱ ሦስቱን «ስለ» ወይም «ምክንያቱም» በሚሉት ቃላት መልሳችሁ ጻፉ። የትኛው እንደሚሻል በቃል ተከራከሩ።

ለ. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች አሻሚ ወይም ስሑት ናቸው። አስተካክሏቸው።
1. ቀለሙ ሲደርቅ ጎማው ይገጠማል።
2. ሎሚውን ጨምቆ እድፉ ይለቃል።
3. ቡሎኑ ይጠበቃል፤ ከዚያ ፍሬኑን ርገጪ።

ሐ. ከምንባቡ ስድስተኛውን አንቀጽ፣ መኪናቸውን ራሳቸው ለሚያጥቡ አንድ አዛውንት ሾፌር እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በአክብሮት አነጋገር ለውጡት።

መ. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ድርሰት አሠራሩን ጻፉ። ከዚያም ያንን ሥራ ፈጽሞ ለማያውቅ ጓደኛችሁ ሰጥታችሁ፣ ድርሰቱን ብቻ እያነበበ ይሥራው። እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አንዲት ቃል ሳትናገሩ ተመልከቱ፤ እጁ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ሲሆን ግን አስቁሙት፣ ያስቆማችሁበትንም ዐረፍተ ነገር አስምሩበት።