ማውሱን ነቅላችሁ ጀምሩ፦ የስክሪን ሪደር አሰልጣኞችን እንዴት እናብቃ?

ዓይነ ስውሩ ሠልጣኝ ኪቦርዱን እየዳበሰ «ፋይሉን ልክፈት» ይላል። ከአጠገቡ የቆመው አሰልጣኝ ጥቂት ይጠብቅና ትዕግሥቱ ሲያልቅ እጁን ሰዶ በማውስ ይከፍትለታል። ፋይሉ ተከፈተ፤ ሠልጣኙ ግን አንድም ነገር አልተማረም። ይህን በተለያዩ ሥልጠናዎች ላይ አይቻለሁ። አሰልጣኞቹ ደጎች ነበሩ። የሚቸኩሉት ኮምፒውተርን በዓይናቸው ብቻ ስለለመዱና በጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ስላላሳያቸው ነው።

ይህ መመሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር የሚያስተምሩ ሰዎችን ለምታዘጋጁ የማኅበርና የትምህርት ቤት አስተባባሪዎች ነው። ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። ለፈቃድ ያላወጣችሁትን ገንዘብ ለአሰልጣኙ አውሉት።

ደረጃ 1፦ ምርጫ። የኮምፒውተር ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። ከአሰልጣኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ ስክሪን ሪደርን በየቀኑ የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ይሁኑ። ከዚያ አንዱን ከሚያይ አሰልጣኝ ጋር አጣምሩ።

ደረጃ 2፦ ስክሪኑን አጥፉ። ሁሉን የሚወስነው ይህ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡት። ማውሱን ንቀሉ፤ የላፕቶፑን ታችፓድም ዝጉ። በኤንቪዲኤ ቅንብር ውስጥ ስክሪኑን የሚያጠቁር መጋረጃ አለ፤ እሱን አብሩ። አሁን የሚያየው አሰልጣኝ ደብዳቤ ጽፎ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጥ፣ ዘግቶ መልሶ ያግኘው፣ በኢሜይል አያይዞ ይላከው። ይበሳጫል፤ ይበሳጭ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠልጣኙ ለምን እንደሚዘገይ ይገባዋል፤ ይህን በንግግር ማስረዳት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ቁልፎቹን ለዩ። በጣም የተለመደው ስህተት እዚህ ነው። ኤንቪዲኤ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ የሚባሉ ሁለት የኪቦርድ አቀማመጦች አሉት። በዴስክቶፑ ሰነድን እስከ መጨረሻው ለማንበብ የኤንቪዲኤ ቁልፍ (ኢንሰርት) ከታች ቀስት ጋር ይጫናል፤ በላፕቶፑ ግን ከኤ ፊደል ጋር ነው። አሰልጣኙ በአንዱ አስተምሮ ሠልጣኙ ቤቱ ሌላው ካለው፣ የተማረው ሁሉ የጠፋበት ይመስለዋል። ከኢንሰርት ሌላ ካፕስ ሎክም እንደ ኤንቪዲኤ ቁልፍ እንዲያገለግል ፕሮግራሙ ሲከፈት በሚመጣው መስኮት ላይ ምረጡ። የኤንቪዲኤ ቁልፍና 1 አብረው ሲጫኑ ደግሞ የምትነኩት ቁልፍ ሁሉ ምንም ሳይፈጽም ስሙንና ሥራውን ይናገራል። የመጀመሪያው ትምህርት በዚህ ይጀመር፤ ሠልጣኙ ምንም ሳያበላሽ ኪቦርዱን ይዞርበታል።

ደረጃ 4፦ አማርኛውን አትዝለሉ። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የንግግር ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጆሮ እስኪለምደው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ለዓይን ጥርት ያለ ግዕዝ መስሎ ለጆሮ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስካን ተደርጎ የመጣ ደብዳቤም ፎቶ ስለሆነ አይነበብም። አሰልጣኞቹ ሁለቱንም ዓይነት ይዘው ይለማመዱ፤ አለዚያ ሠልጣኙ ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ ያስተምሩ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የ15 ደቂቃ ትምህርት ይስጥ። ታዛቢው «እዚህ»፣ «ያኛው»፣ «ይሄንን» የሚሉትን ቃላት ይቁጠር፤ ለማያይ ሰው ባዶ ናቸው። ሳይጠይቅ እጅ መያዝም ይመዝገብ። «እጅዎን ላሳይዎት?» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። የሚያየው አሰልጣኝ በሚያስተምርበት ጊዜ ስክሪኑን አብርቶ፣ ከመሣሪያዎች ዝርዝር የንግግር ማሳያውን ከፍቶ፣ የተነገረውን በጽሑፍ ሊከታተል ይችላል።

ደረጃ 6፦ ከሥልጠናው በኋላ። ሰርተፍኬት ተሰጥቶ ሁሉም ወደየመጣበት ከተመለሰ ግማሹ ሥራ አልተሠራም። ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ ያለ ኢንስቶሌሽን የሚሠራውን የኤንቪዲኤ ቅጂ በፍላሽ ስጡት፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሊከፍተው ይችላል። የቴሌግራም ቡድን ክፈቱ፤ ጥያቄው በድምፅ መልእክት ይሁን፤ መልስ የሚሰጥ ሰውም በስም ይመደብ። በአንደኛውና በሦስተኛው ወር በአካል ሄዳችሁ ሲያስተምር ተመልከቱት። የካርድና የትራንስፖርት ወጪው ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ፤ «በኋላ እናያለን» ከተባለ አይመጣም። ፕሮግራሙ በዓመት ደጋግሞ ስለሚታደስ፣ አዲሱን ቅጂ ቀድሞ ሞክሮ ምን እንደተቀየረ ለቡድኑ የሚያሰማ አንድ ሰው ይኑር። አሰልጣኞቹ ያልመለሷቸውን ጥያቄዎች አሰባስቡ፤ የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ከእነሱ ይውጣ።