ምዕራፍ ስምንት፦ የክበቡ ጉዞ በባሮ ወንዝ

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. በትምህርት ቤታችሁ ምን ምን ክበባት ይገኛሉ? ዓላማቸውስ ምንድን ነው?
2. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስተምራል?
3. ሰውን ለመርዳት በጎ አሳብ ብቻውን ይበቃልን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ተራ በተራ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚወርዱት የብርብርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ታላቅ ወንዝ ነው። ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ በጋምቤላ ከተማ በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ወሰን ላይ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ይጠራል፤ ሶባትም በመጨረሻ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። አብዛኞቹ የአገራችን ወንዞች በገደልና በፏፏቴ የተሞሉ ስለ ሆኑ ለመርከብ ጉዞ አይመቹም። ባሮ ግን ከጋምቤላ በታች በሜዳ ላይ ስለሚጓዝ በክረምት ወራት መርከብ ይሄድበት ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥትና በብሪታንያ መካከል ከተፈረመው ውል በኋላ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ውሃው በሚሞላበት ወቅትም በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ መርከቦች ቡናና ሌላ ሸቀጥ ጭነው ወደ ሱዳን ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ይሁን እንጂ ከወንፉ እስከ ወንዙ ማዶ፣ ከመንደር ወደ መንደር ለመሻገር ታንኳ አሁንም አገልግሎት ይሰጣል።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ የሚነግረን በጋምቤላ ከተማ የሚማር አንድ የክበብ አባል ነው።

በትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ አለ። የቀይ መስቀል አሳብ የመነጨው በ1859 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ዱናን የተባለ የስዊስ ተወላጅ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሶልፌሪኖ ጦርነት የወደቁትን ቁስለኞች አይቶ፣ የአካባቢውን ነዋሪዎች በማስተባበር ወገን ሳይለይ ከረዳ በኋላ መሆኑን መምህራችን አስተምረውናል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በ1935 እ.ኤ.አ. እንደ ተቋቋመ ከእርሳቸው ተምረናል።

ክበባችን ዘወትር ቅዳሜ ጧት ይሰበሰባል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። እኔ የዕቃ ኃላፊ ነኝ። ከክበብ ውጭ ያለ ሰው የእኛን ሥራ እንደ ጨዋታ ይቆጥረው ይሆናል። ነገር ግን አብዛኛው ሥራችን የሚያስደንቅ አይደለም። የጓሮ አትክልት እንኮተኩታለን፤ የውሃ መውረጃ ቦይ እንጠርጋለን፤ የመጀመሪያ እርዳታ አሰጣጥ እንለማመዳለን፤ ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን። አትክልቱን ሸጠን የምናገኘውን ገንዘብ ለችግረኞች መርጃ እናውለዋለን።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከከተማው በታች በወንዙ ዳር በምትገኝ መንደር የተቅማጥ በሽታ ሕፃናትን እንደሚያጠቃ ሰማን። የክረምቱ ጎርፍ ገና ስላልደረቀ መንገዱ ጭቃ ነበር። ስለዚህ በታንኳ እንድንሄድ ተወሰነ። በአትክልቱ ገንዘብ ሦስት ካርቶን ሳሙናና አንድ ካርቶን ኦ.አር.ኤስ. ገዛን። ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጥ የያዘው ሰው ከሰውነቱ ያጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ነው።

በተቀጠረው ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ወንዙ ወረድን። ተጓዦቹ መምህራችን፣ የክበቡ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ነበርን። ባለ ታንኳው አንድ አዛውንት ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው ረዳት ቀዛፊ ነበር። ታንኳዋ ከአንድ ወፍራም ግንድ ተፈልፍላ የተሠራች ናት። አዛውንቱ ዕቃው ሲጫን ቆመው ተመለከቱና እጃቸውን ወደ ታንኳዋ ጠርዝ ዘረጉ።

«ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ፣ ከውሃው እስከ ጠርዟ አንድ ስንዝር መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ አንሄድም» አሉ።

መምህራችን አንድ የሳሙና ካርቶን እንዲቀርና በማግስቱ በሌላ ታንኳ እንዲላክ አዘዙ። እኔ ግን በልቤ፣ «ድኻ እየጠበቀን አንዱን ካርቶን ትቶ መሄድ ምን ይሉታል? አንድ ካርቶን ምን ያህል ቢከብድ ነው?» አልሁ። ሰዎቹ ወደ ሌላ ሲመለከቱ ካርቶኑን ወደ ታንኳዋ አፍንጫ አስገብቼ በሸራ ሸፈንሁት። ቦታ ስለ ጠበበኝም የኦ.አር.ኤሱን ካርቶን ከሁሉ በላይ አስቀመጥሁት። አዛውንቱ ገመዱን ፈትተው ሲነሡ መቅዘፊያቸውን ያዝ አደረጉና፣

«ዛሬስ ታንኳይቱ ከበዳት» አሉ።

እኔ ግን ዝም አልሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ወንዙ እንደ መዳብ አበራ። ነጫጭ ወፎች በዳርቻው ባለው ሣር ውስጥ ቆመው ዓሣ ይጠብቃሉ። እናቶች እንስራ ተሸክመው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። በአሸዋው ላይ የተኛ አዞ ባየን ጊዜ ገንዘብ ያዡ ሣቁን አቆመ። እኔም የደበቅሁትን ካርቶን ረስቼ በጉዞው ተደሰትሁ።

ወንዙ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ስፍራ ጎርፍ ያመጣው ግንድ ከውሃው በታች ተጋድሞ ነበር። አዛውንቱ አይተው ታንኳዋን ለመመለስ ቀዘፉ። ሆኖም አፍንጫዋ ስለ ከበደ እንደ ልማዷ ፈጥና አልዞረችም። ጎኗ ግንዱን መታ፤ ዘንበል አለች። የላይኛው ካርቶን ተንሸራቶ ወደ ውሃው ወደቀ። እኔም ካርቶኑን ለመያዝ ብድግ አልሁ። በዚያችው ቅጽበት ውሃ በጠርዙ ላይ ገባ።

«ተቀመጥ!» ብለው አዛውንቱ ጮኹ።

ጸሐፊዋ ልብሴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። ሁላችንም ዝቅ ብለን ተቀመጥን። ረዳቱ ልጅ በቅል ውሃውን ጨለፈ፤ አዛውንቱም ታንኳዋን ቀስ ብለው ወደ ዳር አወጧት። ካርቶኑ ግን በወራጁ ውሃ ተወስዶ ከዓይናችን ተሰወረ።

አዛውንቱ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩን። «ስድስት ነበርን፤ ስድስት ነን። ሰው አልጎደለም፤ ዕቃ ይተካል» አሉ። ከዚያም ሸራውን ገልጠው የሳሙናውን ካርቶን አዩ። ቀና ብለው ተመለከቱኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ ከበደኝ።

መንደሯ ስንደርስ በጤና ኬላው ደጃፍ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ይጠብቁን ነበር። የጤና ሠራተኛዋ የቀራት ኦ.አር.ኤስ. ጥቂት ነበር። እርሱንም ዓይናቸው ለጎደጎደና እጅግ ለደከሙት ሕፃናት አስቀረችው። የሚጠጣ ነገር መውሰድ ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ካለ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም እንዲወሰድም አስጠነቀቀች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጸሐፊዋ ግን፣ «እኅቴ፣ ለቀሩትስ በቤት የሚዘጋጀውን እናሳያቸው?» ብላ ጠየቀች። የጤና ሠራተኛዋም ፈቀደች።

ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቀረበ። በእርሱም ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። ጸሐፊዋ ማንኪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ቸኩዬ ስኳሩን ከመርሁት። በዚህ ጊዜ የጤና ሠራተኛዋ እጄን ያዘችና፣

«ወንድሜ፣ ማንኪያው አይከመርም፤ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል። ጨው ከልኩ ካለፈ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ስኳርም ሲበዛ ተቅማጡን ያብሰዋል። አብልጦ መስጠት ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚሆነው ልኩ ሲጠበቅ ነው» አለችኝ።

ይህን ስሰማ የአዛውንቱ ስንዝር ትዝ አለኝ። የእርሳቸው ስንዝርና የእርሷ ማንኪያ አንድ ነገር መሆናቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም የሰውን ሕይወት ይጠብቁ ነበር። ማንኪያውን በጥንቃቄ አስተካክዬ ጨመርሁ። እናቶቹም ተራ በተራ በእጃቸው ሠርተው አሳዩን። የተበጠበጠው መጠጥ ከሃያ አራት ሰዓት በላይ መቀመጥ እንደሌለበት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃንም መጥባቱን ማቋረጥ እንደሌለበት ተነገራቸው። ሳሙናውም ታደለ፤ እጅ መታጠብ ተቅማጥን እንደሚከላከል ተብራራ። ወንዙ ካርቶኑን እንጂ የተማርነውን አልወሰደብንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ካርቶኑ የጠፋው «በወንዙ ግንድ ምክንያት» መሆኑን ሊያስመዘግብ ሲል እጄን አነሣሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

«ግንዱ አይደለም። የታዘዝሁትን ጥሼ ካርቶን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ባለ ታንኳው ታንኳይቱ ከበዳት ሲሉም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አልሁ።

ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንሥታ የተናገርሁትን ቃል በቃል በመዝገብ ጻፈች። ከኃላፊነቴ የሚሽረኝ መስሎኝ ነበር። ክበቡ ግን በጎደለው ገንዘብ ልክ በአትክልቱ ቦታ ትርፍ ሰዓት እንድሠራ፣ ለወደፊቱም ጉዞ የጭነት ደንብ አርቅቄ እንዳቀርብ ወሰነ። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በታንኳ ላይ የሚጫነውን የሚወስነው ባለ ታንኳው ነው።»

ሐ. የቃላት ፍቺ

ቀጥሎ ያሉትን ቃላትና ሐረጎች ፍቺያቸውን አጥንታችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

1. ሸቀጥ፦ የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ
2. ጎሕ ሲቀድ፦ ሊነጋ የመጀመሪያው ብርሃን ሲታይ
3. ስንዝር፦ እጅ ሲዘረጋ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት
4. መቅዘፊያ፦ ታንኳ የሚነዳበት እንጨት
5. ለጎደጎደ፦ ወደ ውስጥ ለገባ
6. ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተነገረውና የተወሰነው የሚጻፍበት ሰነድ
7. አርቅቆ፦ ጽሑፍን ለውሳኔ እንዲቀርብ አዘጋጅቶ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ባሮ ከሌሎች የአገራችን ወንዞች በምን ይለያል?
2. ተራኪው አንዱን ካርቶን ደብቆ የጫነው ምን አስቦ ነው? አሳቡና ድርጊቱ ይስማማሉን?
3. ታንኳዋ ከግንዱ ፈጥና ልትርቅ ያልቻለችው ለምንድን ነው?
4. አዛውንቱ ከአደጋው በኋላ በመጀመሪያ ሰዎቹን የቆጠሩት ለምን ይመስላችኋል?
5. «የእርሳቸው ስንዝርና የእርሷ ማንኪያ አንድ ነገር መሆናቸው ገባኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው?
6. ተራኪው በስብሰባው ላይ ዝም ቢል ኖሮ ክበቡ ምን ይጎዳ ነበር?

ሠ. ሰዋስው

ያልተፈጸመን ሁኔታ ለመግለጽ «ኖሮ» እና «ነበር» በአንድነት ያገለግላሉ።

ምሳሌ፦ ካርቶኑን ባልጨምር ኖሮ ታንኳዋ ፈጥና ትዞር ነበር።

በዚህ ምሳሌ መሠረት የሚከተሉትን አሟሉ።

1. ጸሐፊዋ ልብሴን ይዛ ባትስበኝ ኖሮ …
2. መንገዱ ጭቃ ባይሆን ኖሮ …
3. … ኖሮ እናቶቹ መጠጡን በቤታቸው ማዘጋጀት አይችሉም ነበር።
4. … ኖሮ እውነቱ በመዝገብ አይጻፍም ነበር።

ረ. የጽሑፍ መልመጃ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።

1. ራሳችሁን በክበቡ ጸሐፊ ቦታ አድርጋችሁ የቅዳሜውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አዘጋጁ።
2. ሰውን ለመርዳት ብላችሁ ያጠፋችሁት ጥፋት ካለ፣ እንዴት እንዳረማችሁት ተርኩ።