ቁጥሩን ወደ ስም መመለስ፦ በ1940 በቴላቪቭ የሞቱት ሰዎች እንዴት ይፈለጋሉ?



ይህ ትምህርት በክፍላችን ስለ ቀንና ስለ ቁጥር ስንማር ሞራችን ያመጣችልን ነው። እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም። ያደግሁት በእርሻና በከብት ጥበቃ ነው፤ ፊደል የለየሁትም ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ያጠናሁትን በቀላል ቃል እጽፋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን «በእኛ» እያልኩ እለያለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን መጥቶ ወደብ ሲደበድብ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይሞታል። ከዓመታት በኋላ እነማን እንደሞቱ እንዴት ይታወቃል?

1ኛ. የሆነው ነገር

ወደብ በዕብራይስጥ ናማል ይባላል። እኛ አሽዶድ ያለነው ናማል ሲባል የራሳችንን ነው የምናስበው። የአሽዶድ ወደብ ሥራ የጀመረው ግን በ1965 ነው። ከዚያ በፊት ቴላቪቭ የራሷ ትንሽ ወደብ ነበራት። እሱም የተሠራው በ1936 የያፎ ወደብ በአድማ ምክንያት በተዘጋ ጊዜ ነው። የአሽዶድ ሲከፈት የቴላቪቩ ሥራውን አቆመ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን አገር የምታስተዳድረው እንግሊዝ ነበረች። ጣልያን በጁን ወር 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ሃይፋ ውስጥ ወደብና የነዳጅ ማጣሪያ ስለነበረ የጣልያን አውሮፕላኖች መጀመሪያ የመጡት ወደዚያ ነው። በጁላይ 24 ቀን 1940 ሃይፋ ላይ 46 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ ሰኞ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1940 ከሰዓት በኋላ ቴላቪቭን ደበደቡ። ሊመቱ የፈለጉት ወደቡን ነው ተብሎ ይነገራል። ቦምቡ የወደቀው ግን ሰው በሚኖርበት ሰፈር ነው፤ በቦግራሾቭና በዲዘንጎፍ መንገዶች አካባቢ። 137 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ከ50 በላይ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። ሱመይል በሚባል የዐረብ መንደርም 7 ሰዎች ሞተዋል። ያ መንደር የነበረበት ቦታ ዛሬ ቴላቪቭ መካከል፣ ኢብን ጋቢሮልና አርሎዞሮቭ መንገዶች በሚገናኙበት አካባቢ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ባዳ አይደለም። ያው የጣልያን አየር ኃይል ከአምስት ዓመት በፊት በእኛ አገር ላይ ነበረ። ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ደሴን ደበደበ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ቀን ደሴ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ቴላቪቭ ስትደበደብ ኢትዮጵያ ገና በጣልያን እጅ ነበረች። እንግዲህ የደሴ እናትና የቴላቪቭ እናት ያለቀሱት ባንድ ጠላት ነው።

2ኛ. ዝርዝሩ ለምን አንድ አይሆንም?

ዝርዝር በዕብራይስጥ ረሺማ ይባላል። ብዙ ሰው የሞተበት ቀን አንድ ረሺማ ብቻ አይኖረውም። ጋዜጣው አለው፣ ሆስፒታሉ አለው፣ ቀባሪዎቹ አላቸው። ቀባሪዎቹ ሄቭራ ካዲሻ ይባላሉ። ረሺማዎቹ እርስ በርሳቸው ላይስማሙ ይችላሉ፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው፦

ሀ. በመጀመሪያው ቀን የሚጻፈው ቁጥር ትንሽ ነው። ከፍርስራሽ ሥር ያለው ገና አልወጣም። ቆስሎ የተኛውም፣ ፓጹዓ የሚባለው፣ ከሳምንት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፈላጊው የአንድ ቀን ጋዜጣ አይቶ አይተውም፤ የሚቀጥሉትንም ሳምንታት ያያል።

ለ. በጦርነት ጊዜ ጋዜጣ በሳንሱር ያልፋል። ጠላት ቦምቡ የት እንዳረፈ እንዳያውቅ ቦታው ተሸፍኖ ሊጻፍ ይችላል።

ሐ. ሰው የሚቀበረው በየሃይማኖቱ ነው። የአይሁድ ቀባሪዎች መዝገብ ላይ የሱመይል ሰዎች አይገኙም። ሃይፋም አይሁድና ዐረብ አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ አንድ መቃብር ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

መ. እንግዳም ይሞታል። ለሥራ የመጣ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ፣ መንገድ ላይ የነበረ ሰው በሰፈሩ መዝገብ ላይ የለም።

ስለዚህ ፈላጊዎች ረሺማዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። በሁለት ቦታ የተገኘውን ስም ይይዛሉ። ባንድ ቦታ ብቻ የተገኘውን አይጥሉትም፤ ምልክት አድርገው ሌላ ማስረጃ ይፈልጉለታል። በገጠራችን የጠፋ ከብት ሲፈለግ አንዱን እረኛ ጠይቀን አንመለስም፤ ሁሉንም እንጠይቅና የሚስማማውን ወሬ እንከተላለን። ይህም እንደዚያው ነው።

የድሮ ጋዜጦችን ለማየት ዛሬ ቴላቪቭ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዳቫርን፣ ፓለስታይን ፖስትንና ሌሎችንም የዚያ ጊዜ ጋዜጦች በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል። ልጆቻችን በስልካቸው ሊከፍቱልን ይችላሉ።

3ኛ. የመቃብር ድንጋይ ማንበብ

የቴላቪቭ ሟቾች ብዙዎቹ የተቀበሩት ናሃላት ይጽሃቅ በሚባለው መቃብር ነው። የመቃብር ድንጋይ ማጼቫ ይባላል። ማጼቫ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ ጀማሪም ሊያነበው ይችላል።

ከላይ ፔ እና ኑን የሚባሉ ሁለት ፊደሎች አሉ፤ «እዚህ ተቀብሯል» ማለት ነው። ቀጥሎ ስም ይመጣል። ከስሙ በኋላ ለወንድ ቤን፣ ለሴት ባት ተብሎ የአባት ስም ይጻፋል። ከስሙ አጠገብ ሄ፣ ዩድ፣ ዳሌት የሚሉ ፊደሎች ካሉ «እግዚአብሔር ደሙን ይበቀል» ማለት ነው። ይህ የሚጻፈው በጠላት እጅ ለሞተ ሰው ነው። ፈላጊ ሰው ይህን ሲያይ ቆም ብሎ ቀኑን ያነባል።

ቀኑ የተጻፈው በፊደል ነው። እኛ ግዕዝ ቁጥር እንዳለን ሁሉ ዕብራይስጥም ፊደሎቹ ቁጥር ናቸው። አሌፍ 1፣ ቤት 2 እያለ ይሄዳል። ዩድ 10 ነው፣ ኩፍ 100፣ ሬሽ 200፣ ሺን 300፣ ታቭ 400።

የዚያ ሰኞ ቀን በዕብራይስጥ ቫቭ በኤሉል፣ ታቭ ሺን ይባላል። እንቁጠረው፦

ቫቭ 6 ነው። ስለዚህ ኤሉል 6 ቀን።
ታቭ 400 እና ሺን 300፣ ሲደመር 700። አምስት ሺሁ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ እኛ እንጨምረዋለን፤ 5700 ሆነ።
ከ5700 ላይ 3760 ሲቀነስ 1940 ይሆናል።

ጥንቃቄ! የአይሁድ አዲስ ዓመት በቲሽሬ ወር ይገባል። ከቲሽሬ አንስቶ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለ ቀን የሚቀነሰው 3761 ነው። ኤሉል ግን የዓመቱ መጨረሻ ወር ስለሆነ 3760 ይቀነሳል።

በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ጳጉሜን 4 ቀን 1932 ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ እንቁጣጣሽ፣ 1933 ገባ። ስለዚህ ያን ቀን አንዱ ሽማግሌ «በ32 ነው»፣ ሌላው «33 ሊገባ ሲል ነው» ቢሉ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። የዕብራይስጥ ቀን የሚጀምረው ከምሽት ነው። ሰኞ ቆስሎ ያንኑ ሌሊት እኩለ ሌሊት ሳይሆን የሞተ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 9 ነው፤ በማጼቫው ላይ ግን ኤሉል 7 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው «ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ደግሞ ቴላቪቭ በጁን ወር 1941 እንደገና ተደብድባለች። የዚያ ጊዜ ሟች ዓመቱ ታቭ ሺን አሌፍ ነው፤ 5701 ማለት ነው። አንድ አሌፍ ትንሽ ናት፤ ግን ሰውዬውን ካንዱ ድብደባ ወደ ሌላው ትወስደዋለች።

4ኛ. ስሙ በስንት ይጻፋል?

በ1940 ቴላቪቭ ውስጥ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። የሰውዬው ስም በመጣበት አገር ፊደል አንድ ነው፣ በዕብራይስጥ ሌላ፣ በእንግሊዝ መዝገብ ደግሞ ሌላ። ፈላጊው ስሙን በሚጻፍባቸው መንገዶች ሁሉ መሞከር አለበት።

ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ደስታ የሚለውን ስም ብቻ እንይ። አንዱ ጸሐፊ በቴት ይጽፈዋል፣ አንዱ በታቭ። አንዱ መጨረሻው ላይ ሄ ያደርጋል፣ አንዱ አሌፍ። አራት ዓይነት ደስታ ወጣ ማለት ነው! በዚያ ላይ በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ እዚህ ግን ሽም ሚሽፓሃ፣ የቤተሰብ ስም፣ ይጠየቃል። ባንድ ቤት የአያት ስም ይያዛል፣ በወንድም ቤት የአባት ስም። የልጅ ልጆች ሲፈላለጉ ዝምድናቸው በወረቀት ላይ አይታይም።

5ኛ. ይህ ትምህርት ለእኛ ቤት

ይህን ሳጠና ሳስበው የነበረው ሌላ ወደብ ነው፤ ምጽዋ። ጦርነቱ እዚያ የተጀመረው በየካቲት 1 ቀን 1982 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1990። ሻዕቢያ ከተማዋን ከያዘ በኋላም የደርግ አውሮፕላኖች ወደቡንና ከተማውን ደጋግመው ደብድበዋል። የአባቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ጊዜ ምጽዋ ወታደር ነበረ። መርዶ አልመጣም፣ እሱም አልመጣም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ልቅሶ አልተቀመጠችም፤ «ያልሞተ ልጅ አይለቀስም» ትል ነበር። እኛ ቤት የቀረው «ምጽዋ ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ለቴላቪቭ ሟቾች ስማቸውን የጻፈ ጸሐፊ፣ ድንጋይ የጠረበ ሰው ነበራቸው። ከእኛ ወገን በጦርነት፣ በሱዳን መንገድ፣ በየበረሃው የቀሩት ብዙዎቹ ይህን አላገኙም። የእነሱ ረሺማ ያለው በሽማግሌዎቻችን አፍ ላይ ነው። ሽማግሌ ሲሞት ረሺማው አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ኡልፓን ገብተን ብዕር መያዝ የቻልን ሰዎች ለሥራና ለቢሮ ብቻ አይደለም የተማርነው። ለእያንዳንዱ የጠፋ ሰው እነዚህን እንጻፍ፦

የራሱ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፤ የእናቱም ስም።
የቤት ስም ወይም ቅጽል ስም ካለው እሱም።
የተወለደበት መንደር።
መጨረሻ የታየበት ቦታና ከማን ጋር እንደነበረ።
ወታደር ከነበረ ክፍለ ጦሩ።
ቀኑ። ቀኑ ካልታወቀ «ከፋሲካ በፊት»፣ «ጤፍ ሲታጨድ» ተብሎም ይጻፍ፤ በኋላ ወደ ቀን ይመለሳል።
ይህን የነገረን ሰው ማን እንደሆነና መቼ እንደነገረን።

በአማርኛ ከጻፍን በኋላ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ከሥሩ ይጻፉት። በሁለት ፊደል የተጻፈ ስም ቶሎ አይጠፋም።

የተማርናቸው ቃላት

ናማል፦ ወደብ
ሃፍጻጻ፦ የቦምብ ድብደባ
ሃሩግ፦ የተገደለ
ፓጹዓ፦ የቆሰለ
ነዕዳር፦ የጠፋ፣ ያልተገኘ
ረሺማ፦ ዝርዝር
ማጼቫ፦ የመቃብር ድንጋይ
ታአሪህ፦ ቀን

የቤት ሥራ

1. ማጼቫ ላይ «ታቭ ሺን አሌፍ፣ ሲቫን» የሚል ተጽፏል። ሲቫን ከጁን አካባቢ የሚውል ወር ነው። በፈረንጅ ስንት ዓመት ነው? በእኛስ?
2. ሁለት ረሺማ ላይ አንድ ስም አለ፤ የአባት ስም ግን የተለያየ ነው። አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ለማወቅ ምን ትጠይቃላችሁ?
3. በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቁ። አንድ የጠፋ ሰው ስም ከላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። መጻፍ ያልቻለ ሰው ይናገር፣ የቻለው ይጻፍለት።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለሞራ ማሳየት የግድ አይደለም። ደብተሩን ግን እንደ ተዑዳት ዘሁት በደህና ቦታ አስቀምጡት።

ለሁላችንም ቤሃጽላሃ!