ከማርስ በፊት የሕዋ ጣቢያ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ ተወነጨፈች። ሰው አልጫነችምና ውኃ የሚጠይቃት አልነበረም። ሰው ራሱ ሲጓዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለመሆኑ ማርስ ድረስ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የት ሆኖ ይለማመዳል?

ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከዚህ ይረዝማል ብል አትደነቁ! እኛ እጩ መምህራን ሩቅ ወረዳ ከመመደባችን በፊት በቅርብ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ እናደርግ የለም? ይኸም እንደዚያው ነው።

እስቲ ውኃን ብቻ እንመልከት። ውኃ ከባድ ነው፤ በእንስራ የተሸከመ ያውቀዋል። ወደ ሕዋ ማጓጓዙ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ በጣቢያው ላብም፣ የትንፋሽ እርጥበትም፣ ሽንት ሳይቀር ተጣርቶ ይጠጣል። (ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ ከጉና የሚወርደው ውኃስ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማን ያውቃል?)

የሽንት ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ2008 ተላከ። ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ። ቢጠና፣ ውስጡ ጀሶ ተጋግሮበት ተገኘ፤ ያው ጠመኔ የሚሠራበት ጀሶ! ከየት መጣ? ከጠፈርተኞቹ አጥንት ነዋ። ክብደት በማይሰማበት ቦታ እግር ሸክም ስለሌለበት አጥንት ካልሲየሙን ይለቃል፤ የዳሌ አጥንት በወር 1 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ለዚህም ነው በየቀኑ 2 ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሠሩት። የተለቀቀው ካልሲየም በሽንት ይወጣና፣ ሽንቱ እንዳይበላሽ ከሚጨመርበት ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጀሶ ይሆናል። መሐንዲሶቹ የካልሲየሙን ብዛት አሳንሰው ገምተው ነበር።

ታዲያ ምን ተደረገ? ምትክ ዕቃ ከምድር ተላከ፤ በኋላም አሲዱ በፎስፎሪክ አሲድ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100 ሊትር 98ቱን መልሶ ማግኘት ተችሏል። ይኸው ብልሽት በማርስ መንገድ ላይ ቢገጥም ኖሮስ? ጉዞው ለመሄጃ ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል፤ ዕቃ አቀባይ የለም።

ጣቢያው የማያስተምረው ነገርም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ኃይል ገና ስለሚከልለው፣ የሩቁን ሕዋ ጨረር በሙሉ አይቀምስም። ያኛው ፈተና ከዚያ ርቆ መሄድን ይጠይቃል።

ጣቢያውን በዓይናችሁ ማየት ብትሹ፣ ሰማዩ ሲጠራ ፀሐይ እንደጠለቀች ቀና በሉ። በየምሽቱ አይገኝም። በለስ ከቀናችሁ ግን፣ ብልጭ ድርግም የማይል ደማቅ ኮከብ መሰል ነገር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ ሲያልፍ ታያላችሁ።