«በምን አወቅሽ?»
የምርመራ ጨዋታ ለምትወድ ልጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ኮምፒውተር ላይ ሌባ ስታሳድጂ እያመሸሽ እናትሽ «ጊዜዋን ፈጀችው» ትላለች። እኔ ግን ዕድሜዬን በዳኝነት የጨረስሁ ሰው ነኝና ነገሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። የምርመራ ጨዋታ ደህና የማመዛዘን ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ ከንቱ የጣት ሥራም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አጨዋወትሽ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ይዘሽው ብታድጊ ይጠቅምሻል የምለውን እነሆ።

1. መልሱን ስታገኚ «በምን አወቅሽ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ከአራት ተጠርጣሪዎች አንዱን ነክተሽ ጨዋታው «ትክክል!» ቢልሽ፣ ዕድልሽ ቀንቶሻል እንጂ አላወቅሽም። ዳኛ «ጥፋተኛ ነው» ብሎ ብቻ ከችሎት አይነሣም። የትኛውን ማስረጃ ለምን እንደተቀበለ፣ የትኛውን ለምን እንዳልተቀበለ በፍርዱ ላይ ያሰፍራል። አንቺም ደብተር ያዢ። መልስሽን ከመንካትሽ በፊት «እገሌ ነው፤ ምክንያቱም…» ብለሽ ጻፊ። ከ«ምክንያቱም» ቀጥሎ የምትጽፊው ካጣሽ ወደ ፍንጮቹ ተመለሽ።

2. ገማች የሚሸነፍበትን ጨዋታ ምረጪ።

ጎበዝ የጨዋታ ደራሲዎች ልጆች መልሱን በግምት እንደሚነካኩ ያውቃሉ፤ መላም አበጅተውለታል። በጃፓን በ2007 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በወጣው የመጀመሪያው የፕሮፌሰር ሌይተን ጨዋታ እንቆቅልሹን ስትስቺ የምታገኚው ነጥብ ይቀንሳል። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣው «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሰው አልባ ሆኖ በተመለሰ መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች እነማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው ታጣሪያለሽ፤ ጨዋታው ግን የሦስት ሰዎችን ታሪክ በትክክል እስክትሞዪ ድረስ «አገኘሽ» አይልሽም። አንዱን በግምት ማግኘት ይቻላል፤ ሦስቱን አንድ ላይ መገመት ግን ከባድ ነው። ይኼኛው ደምና ሬሳ የሚታይበት ስለሆነ ለትልልቆች ነውና እስክታድጊ ይቆይ።

3. የምስክርን ቃል ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መርምሪ።

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2001 ያወጣው «ኤስ አተርኒ» ይህን በሚገባ ያስተምራል። ፊኒክስ ራይት የሚባል ጀማሪ ጠበቃ ሆነሽ መስቀለኛ ጥያቄ ታቀርቢያለሽ። በመጀመሪያው ችሎት አንድ ምስክር ሬሳውን ያየሁት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው ይላል፤ የአስከሬን ምርመራው ግን ሟቿ የሞተችው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው ይላል። ምስክሩ ሲያዝ «ሰዓቱን ከቴሌቪዥን ነው የሰማሁት» ብሎ ይጥፈዋል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ምስክሩ ላብ በላብ መሆኑ ምንም አያስረዳሽም። እውነተኛ ሰውም ችሎት ፊት ይርበተበታል። የሚያስረዳሽ ቃሉና ሰነዱ አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አለመቻላቸው ነው። የማይገናኝ ማስረጃ ብታቀርቢ ጨዋታው ይቀጣሻልና እርግጠኛ እስክትሆኚ ያዝ አድርጊ።

4. ፍንጭ የሚፈታው ባወቅሽው ልክ ነው።

ብሮደርበንድ በ1985 ባወጣው የካርመን ሳንዲዬጎ ጨዋታ ሌባዋ ካርመንና ግብረ አበሮቿ ከአገር አገር ይሸሻሉ። አንዱ ምስክር የሰንደቅ ዓላማ ቀለም፣ ሌላው የገንዘብ ስም ይነግርሻል፤ ወዴት እንደምትበሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ሰዓቱም ይቆጥራል። ኩባንያው ዓለም አቀፍ የመረጃ መጽሐፍ ከጨዋታው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ያ መጽሐፍ ስልክሽ ላይ አለ፤ ነገር ግን አጠያየቅሽን ለዪ። «ፎሪንት የየት አገር ገንዘብ ነው?» ብለሽ ብትፈልጊ ሀንጋሪን ታውቂያለሽ። «የዚህ ደረጃ መልስ» ብለሽ ብትፈልጊ ምንም አታውቂም። ይህ ጨዋታ ለእኔ ለዳኛው ደስ የሚል ሕግም አለው፦ የእስር ማዘዣ ሳትይዢ ሌባው ላይ ብትደርሺ ይለቀቃል። ለማዘዣው ደግሞ የጸጉሩን ቀለም፣ መኪናውንና የመሳሰለውን ምልክት አሰባስበሽ ከተጠርጣሪዎች አንዱን ለይተሽ ማውጣት አለብሽ።

5. ሐሳብሽን የሚያፈርስ ፍንጭ ፈልጊ።

አንድ ሰው ከጠረጠርሽ በኋላ ሁሉም ነገር እሱን የሚያስረዳ ይመስልሻል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሰው ንጹሕ ቢሆንስ፣ ይህ ፍንጭ ይገኝ ነበር?» ሌባው በአትክልት ቦታው አልፎ ገባ እንበል፤ የጠረጠርሽው ሰው ጫማም ጭቃ ነክቶታል። ወሩ ሐምሌ ከሆነ የሰፈሩ ሰው ጫማ ሁሉ ጭቃ ነው፤ ፍንጩ ክብደት የለውም። ወሩ ጥር ከሆነና የረጠበው ያ አትክልት ቦታ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተጠርጣሪዎቹን ስም በአግድም፣ ፍንጮቹን በቁም ጽፈሽ ሰንጠረዥ ሥሪ። እያንዳንዱ ፍንጭ ለሁሉም ይጠየቅ። ለሁሉም የሚስማማውን ፍንጭ ሰርዢው።

6. ከሚከራከርሽ ሰው ጋር ተጫወቺ።

ማውሱን አንቺ ስትይዢ ወንድምሽ «አይደለም» የሚል ይሁን፤ ከዚያ ተቀያየሩ። ሲጠናብሽ ሙሉውን መፍትሔ ከማየት አንድ ጥቆማ ብቻ ውሰጂ፤ ወይም ዘግተሽ ተኚ። ናንሲ ድሩ የተባሉት የምርመራ ጨዋታዎች ለጀማሪና ልምድ ላለው የተለያየ ደረጃ ያላቸው ያለ ነገር አይደለም፤ በጀማሪው መጀመር አያሳፍርም።

7. ሰውን እንደ ጨዋታው ተጠርጣሪ አትዪ።

ይህን ከሁሉ አስበልጠሽ ያዢልኝ። ጨዋታ ውስጥ ወንጀለኛው ሁልጊዜ አለ፤ ፍንጩን ሁሉ ደራሲው አስቀምጦልሻል። በኑሮ ግን ፍንጭ ይጠፋል፤ ወንጀለኛ የሚባል ሰውም ላይኖር ይችላል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ያንን ልጅ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው የሚችል ማን ነበር? የተያዘው ሰውስ በምን ይከላከል? «ኤስ አተርኒ»ም ቢሆን ጠበቃው ደንበኛውን ነጻ ለማውጣት እውነተኛውን ገዳይ እንዲያገኝ ያስገድደዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የሚለው ከዚህ የተለየ ነው፦ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም የከሳሽ ነው፤ ማስረጃው ካልሞላም «ማን እንደሆነ አልታወቀም» ተብሎ ሰው ይለቀቃል።

እንግዲህ ክፍልሽ ውስጥ ስልክ ጠፋ ተብሎ ሁሉም ወደ አንድ ልጅ ማየት ሲጀምር የመርማሪነትሽ ፈተና ያኔ ነው። መጀመሪያ ስልኩ መሰረቁን በምን እንዳወቁ ጠይቂ። ቀጥሎም ባለቤቱ ቦርሳውን ደግሞ ይፈትሽ።